ሁለት ጨዋዎች በአንድ ሰማይ

(የበረራ መቆጣጠሪያ ታወር በሌለው በዳሉቃ የጠጠር አየር ማረፊያ ዳር፣ ከግራር ሥር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ክትባት የምታመላልሰው ወጣቷ አብራሪ ትርሲት አውሮፕላኗን ማሽላ ማሳ ውስጥ በአፍንጫዋ ደፍታ ትታ፣ አንድ ፎርምና የእጅ ሬዲዮ ይዛ፣ በረራ ካስተማሯት ከጥጥ መድኃኒት ረጪው ከካፒቴን ፍሬሰንበት ፊት ቆማለች።)

ፍሬሰንበት፦ አልፈርምም አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልሽ?

ትርሲት፦ ይሄ አራተኛዎ ነው። ጊዜ አለኝ፣ ዛሬ የትም አልበርም።

ፍሬሰንበት፦ ያላየሁትን ነገር አየሁ ብዬ ልፈርም? በዚህ ሽበቴ በሐሰት ልመስክር?

ትርሲት፦ አየሁ ብለው አይደለም የሚፈርሙት፣ አላየሁም ብለው ነው። ይኸው ይያዙት፣ ጽፌዋለሁ፤ «ሁለተኛው አብራሪ የመጀመሪያዋን አብራሪ አላዩም»።

ፍሬሰንበት፦ ይሄማ የባሰ! «አላዩም» ተብሎ የተጻፈበትን አብራሪ ከዚያ ወዲያ ማን አውሮፕላን አጠገብ ያስደርሰዋል? ጋሪ እንኳ አያስነዱኝም።

ትርሲት፦ የእኔንስ አስበውታል? ተቆጣጣሪው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአርባ ምንጭ ይገባል። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ለመጀመሪያው አብራሪ፣ አንዱ ለሁለተኛው። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ሰማይ ላይ ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነው። ብቻዋን ሆና፣ በጠራ ቀን፣ ሜዳውን ትታ ማሽላ ላይ የምታርፍ አብራሪ ደግሞ ወይ አብዳለች ወይ ጠጥታለች። ፈቃዴን ነጥቆኝ ነው የሚሄደው።

ፍሬሰንበት፦ ነፋስ ነው በያ! ነፋስ አይከሰስ፣ ጠበቃ አያቆም፣ ይግባኝ አይል።

ትርሲት፦ ዛሬ ቅጠል አልተነቃነቀም። ማሽላው ራሱ እኔ እስክደርስበት ድረስ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።

ፍሬሰንበት፦ እንግዲያው አሞራ በይ። እዚህ አገር አሞራ ሞልቷል።

ትርሲት፦ አሞራው ቢጫ ነበር ካፒቴን። ክንፉ ሥር የመድኃኒት መርጫ ቱቦ ነበረው።

ፍሬሰንበት፦ ቀልድሽ እንዳለ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆንሽም።

ትርሲት፦ የፊት ጎማዬ ተሰብሯል፣ ቀኝ ክንፌ ተጣሟል። ከዚያ በተረፈ ደህና ነኝ።

ፍሬሰንበት፦ ቁጭ በይ እስኪ። ውኃ ጠጪ። በባዶ ሆድሽ ነው የምትጨቃጨቂው።

ትርሲት፦ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ያግባቡኛል፣ አውቅዎታለሁ።

ፍሬሰንበት፦ እንዲያው ምኑን ነው የማግባባሽ? እኔ የማውቀው ይሄን ነው፤ መጣሁ፣ አረፍኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ወርጄ ዘበኛውን ኦይታን «ትርሲት የት ሄደች?» አልኩት። እሱም በጣቱ ማሽላውን አሳየኝ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ወንጀሌ?

ትርሲት፦ ወንጀል አላልኩም። የሆነው ይጻፍ ነው የምለው። ከመጀመሪያው እንሂድ?

ፍሬሰንበት፦ ሂጂ፣ ማን ያዘሽ!

ትርሲት፦ ከሰሜን ስመጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ በሬዲዮ ተናገርኩ። እርስዎም ከጥጡ እርሻ እየተመለሱ መሆንዎን ተናገሩ። እስከዚህ ሁለታችንም አንታማም። ታወር በሌለበት ሜዳ የሚያተርፈን ይኸው ነው፤ እኔ ያለሁበትን እናገራለሁ፣ እርስዎ ያሉበትን ይናገራሉ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ ሜዳው የቀረበው ይገባል፣ ሌላው ይጠብቃል። ማን ነው ያስተማረኝ?

ፍሬሰንበት፦ እኔ ነኛ! በሚገባ ነው ያስተማርኩሽ።

ትርሲት፦ ዛሬ ዝቅ ያልኩትም የቀረብኩትም እኔ ነበርኩ። ምን አሉኝ?

ፍሬሰንበት፦ «ክትባት ይዘሻል፣ በረዶው ይቀልጥብሻል፣ ቅደሚ» አልኩሽ። ይሄም ጥፋት ሆነ?

ትርሲት፦ አልሆነም። እዚያው ላይ እሺ ብዬ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ምሳዬን በልቼ ነበር። እኔ ግን...

ፍሬሰንበት፦ «ኧረ አይገባም ካፒቴን፣ እርስዎ እያሉ!» አልሽኝ። ሰማሁሽ። ደስም አለኝ፤ አሳዳጊሽን አመሰገንኩ።

ትርሲት፦ አስተማሪዬን አቋርጬ ላርፍ? እናቴ ብትሰማ አፈር በላሁ ትላለች።

ፍሬሰንበት፦ እኔም «በሞቴ ቅደሚ» አልኩሽ።

ትርሲት፦ እሱን ነው የምለው! ገበታ ላይ ይባላል እሺ፤ ሁለት ሺህ ጫማ ላይ «በሞቴ» ይባላል?

ፍሬሰንበት፦ አንቺስ ምን መለስሽልኝ? «አይሆንም፣ በእኔ ሞት እርስዎ ይቅደሙ»!

ትርሲት፦ አዎ። ሁለታችን ሞታችንን ስንገባበዝ ነበር። ሰሚ ቢኖር እንዴት ባቀረበልን!

ፍሬሰንበት፦ ከዚያማ ሦስተኛ ጊዜ «ግቢ አልኩሽ» ስልሽ ዝም አልሽ። ደጃፍ ላይ ብንሆን ሦስተኛው ላይ ዝም ያለ ሰው ገባ ማለት ነው። ዕቃውን ይዞ ገባ። ስለዚህ ገባች አልኩ።

ትርሲት፦ እኔም በዚያችው ሰከንድ ሦስተኛ ጊዜ «ይግቡ እንጂ» ስልዎ ነበር፤ እኩል ሲናገሩ ሬዲዮ አያሰማም፤ እርስዎም ዝም ያሉ መሰለኝ። ገቡ አልኩ። አንድ ዙር ዞርኩ፣ እስኪያርፉ ብዬ። ወደ ሜዳው ባይ አቧራ ቦነነ። አረፉ አልኩ። ለካ ኦይታ ፍየል እያባረረ ኖሯል።

ፍሬሰንበት፦ ታዲያ ደግመሽ አትጠይቂም ነበር? ሬዲዮው የተሰጠሽ ለጌጥ ነው?

ትርሲት፦ አራተኛ ጊዜ ብጠይቅ ነዝናዛ እመስላለሁ ብዬ ነዋ! አዎ፣ ጥፋቴ ነው። ያንንም ጽፌዋለሁ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ አለ። «የመጀመሪያዋ አብራሪ በይሉኝታ ምክንያት ድጋሚ አልጠየቀችም»።

ፍሬሰንበት፦ «በይሉኝታ ምክንያት» ብለሽ ለመንግሥት ጻፍሽ? ይስቁብሻል ልጄ።

ትርሲት፦ ይሳቁ። ሞቼ ከሚያለቅሱልኝ ይሻላል።

ፍሬሰንበት፦ እሺ፣ አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። ይሄ መግባባት ይባላል። ግጭቱ የታለ?

ትርሲት፦ ከላዬ ነዋ የነበረው! የእርስዎ አውሮፕላን ክንፏ ከሥር ነው፣ የእኔ ከላይ። እርስዎ ወደ ታች ቢያዩ የሚታይዎት የራስዎ ክንፍ ነው፣ እኔ ቀና ብል የሚታየኝ የራሴ ክንፍ። እርስዎ ከላይ፣ እኔ ከሥር፣ ሁለታችንም በጨዋ ደንብ ወደ አንድ ሜዳ እየወረድን።

ፍሬሰንበት፦ ካልታየሁሽ ታዲያ በምን አወቅሽ? ሕልም አየሽ?

ትርሲት፦ በጥላዬ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ደረቁን ወንዝ ሳቋርጥ አሸዋው ላይ ጥላዬን አየሁት፤ ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ዛሬ አራት ክንፍ አውጥቷል።

ፍሬሰንበት፦ አራት?

ትርሲት፦ አራት ካፒቴን። የእኔው ሁለቱ አሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ እየሰፉ፣ እየጠቆሩ፣ የእኔን ሊውጡ ነው። ምንም አላሰብኩም። በቀኝ ጠምዝዤ ወደ ታች ደፈቅኋት። ቀጥሎ የማስታውሰው ማሽላ አፌ ውስጥ ሲገባ ነው። እርስዎ ደግሞ ከላይ አልፈው አረፉ። እንዴት ያለች ልስልስ ማረፍ ነበረች ይላል ኦይታ።

ፍሬሰንበት፦ ልስልስማ ናት። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀንም ሸካራ አላረፍኩም።

ትርሲት፦ ኦይታ ሁሉንም አይቷል። «ነጯ ቢጫዋን አዝላ መጣች» ነው ያለኝ።

ፍሬሰንበት፦ ኦይታ! ሥራው ከብት ከሜዳ ማባረር ነው፤ አውሮፕላኑ ሁሉ ላም ይመስለዋል።

ትርሲት፦ ላም የሚቆጥር ሰው አንድና ሁለትን ይለያል። ችግሩ ፊርማውን አይቀበሉትም፤ ፎርሙ «አብራሪ» ነው የሚለው።

ፍሬሰንበት፦ ስሚኝ ትርሲት። እንደ ልጄ ነው የማይሽ። ቅዳሜ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ሜዳሊያዎ።

ፍሬሰንበት፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አንዲት እንከን።» ተቀርጾ አልቋል። ባለቤቴ ልኬለሽ ሱፍ አሰፍታልኛለች፤ በዕድሜዋ አበባ ገዝታ የማታውቅ ሴትዮ አበባ አዝዛለች። ከዚያ አራት ወር ቆይቼ በክብር ጡረታ እወጣለሁ። በዚህ ላይ ዛሬ «ሊጋጭ ነበር» የሚል ወረቀት ይድረስ?

ትርሲት፦ ሜዳሊያው ለምንድነው የሚሰጥዎት?

ፍሬሰንበት፦ ለጥንቃቄ።

ትርሲት፦ እንኳን ደስ አለዎት።

ፍሬሰንበት፦ አታሽሙሪ! እኔን የሚያውቅ ያውቀኛል። አብራሪው ሁሉ ጨዋው ካፒቴን ነው የሚለኝ። ማንንም ተጋፍቼ አርፌ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን አንቺ አርፈሽ መቆምሽን በዓይኔ ሳላይ አልወረድኩም።

ትርሲት፦ ምን አሉ?

ፍሬሰንበት፦ አርፈሽ ዳር ይዘሽ ቆመሽ አየሁሽ ነው የምለው። ከዚያ ወረድኩ።

ትርሲት፦ የት ቆሜ?

ፍሬሰንበት፦ እዚያ ጥግ ላይ ነዋ! ነጭ ሆነሽ፣ አውሮፕላንሽን ነው የምልሽ፣ ፀሐይ ላይ ስታንጸባርቂ።

ትርሲት፦ ካፒቴን፣ እዚያ ጥግ ላይ የቆመው የጤና ጣቢያው መኪና ነው። ክትባቱን ሊወስድ የመጣው። ይኸው አሁንም ቆሟል።

ፍሬሰንበት፦ ...ነጭ ነው ግን።

ትርሲት፦ ነጭ ነው። ክንፍ የለውም።

ፍሬሰንበት፦ ከላይ ሲታይ ይመሳሰላል። ሰው ይሳሳታል። አንቺ ራስሽ የፍየል አቧራ አይተሽ እኔን መሰለሽ።

ትርሲት፦ አቧራ አቧራ ይመስላል። መኪና አውሮፕላን አይመስልም። ይንገሩኝ እስኪ፣ በዚህ ዓመት ከሌላ አውሮፕላን ቀድመው ያረፉበት ቀን አለ?

ፍሬሰንበት፦ ለምን ብዬ እቀድማለሁ? አልቸኩል፣ ተሳፋሪ አልጭን።

ትርሲት፦ አንድ ቀን። አንድ ብቻ።

ፍሬሰንበት፦ ጨዋነቴን ወንጀል ልታደርጊብኝ ነው እንግዲህ?

ትርሲት፦ ነዳጅ ሊያልቅብዎ ሲል እንኳ ዞረው ዞረው መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት። መካኒኮቹ ይስቃሉ፤ «ካፒቴን እንግዳ ሳያስገቡ አይገቡም» ይላሉ። እኔም አብሬ ስስቅ ነበር።

ፍሬሰንበት፦ አሁን ይሄ ከፎርሙ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንቺ ነገር ስታጦዢ መቼም...

ትርሲት፦ ይሁን፣ ተዉት። ለማንኛውም ተቆጣጣሪውም መጥቷል።

ፍሬሰንበት፦ መጣ? ዘጠኝ ሰዓት አላሉም?

ትርሲት፦ ቀድመው ተነስተው ይሆናል። ይኸዋ፣ ከኮረብታው በላይ፤ ነጭ፣ ጭራዋ ሰማያዊ። አላዩትም እንዴ?

ፍሬሰንበት፦ አየሁት እንጂ! እንዴት አላየው?

ትርሲት፦ ከፍታው እንዴት ነው? ለእኔ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

ፍሬሰንበት፦ የለም የለም፣ ከፍ ብሏል። የቢሮ ሰው የጫነ ሁሉ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው።

ትርሲት፦ ወደ ግራ እየዞረ ነው አይደል?

ፍሬሰንበት፦ አዎ፣ ወደ ግራ። በጣም ነው ያሰፋው ግን። እኔ እንዲህ አላስተማርኩም። ጠበብ ማድረግ ነበረበት።

ትርሲት፦ ካፒቴን።

ፍሬሰንበት፦ እህ?

ትርሲት፦ ሰማዩ ላይ ምንም የለም።

ፍሬሰንበት፦ እንዴት ምንም የለም?

ትርሲት፦ አውሮፕላን የለም። አሞራም የለም። ከኮረብታው በላይ ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

ፍሬሰንበት፦ እንዲህ አድርጎ ሰው ይፈተናል? አስተማሪሽን?

ትርሲት፦ ይቅር ይበሉኝ። እያፈርኩ ነው ያደረግኩት።

ፍሬሰንበት፦ ማፈርስ እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ። ቁጭ በይ አሁን። ልቀመጥ፣ አንቺም ቁጭ በይ።

ትርሲት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ፍሬሰንበት፦ ካለፈው ክረምት። የዓይን ሞራ ነው። ጠዋት ጠዋት ብዙም አይከፋም። ቀትር ላይ ግን ብርሃኑ ወተት የተደፋበት ይመስለኛል። መሬቱን አየዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ የት ይሄድብኛል! ሰማይ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ግን የለችም። ብፈልግ ብፈልግ የለችም።

ትርሲት፦ የጤና ምርመራውንስ እንዴት አለፉት? ባለፈው ጥር አልተመረመሩም?

ፍሬሰንበት፦ የፊደል ሰሌዳውን በቃሌ ነዋ የማውቀው! አሥራ አምስት ዓመት ያው ሰሌዳ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ሐኪም። ሐኪሙ ራሱ እንደ እኔ አይወርደውም። «እንደ እርስዎ ያለ ዓይን አላየሁም» ብሎ መረቀኝ።

ትርሲት፦ እሱስ እውነቱን ነው።

ፍሬሰንበት፦ ሳቂ፣ ሳቂ።

ትርሲት፦ እየሳቅኩ አይደለም። ርጭቱንስ? እርሻው ዳር የመብራት ምሰሶ አለ፣ ሽቦ አለ...

ፍሬሰንበት፦ የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ገበሬዎቹን እጠይቃለሁ፤ «አዲስ የተተከለ አለ?» እላለሁ። የለም ይሉኛል፣ እነሳለሁ።

ትርሲት፦ እነሱስ ምን ብለው ነው የሚያስቡት?

ፍሬሰንበት፦ ስለ መንደሩ ልማት የሚጨነቅ ሰው ይሉኛል። መብራት መቼ እንደሚገባላቸው ሁሉ ይጠይቁኛል።

ትርሲት፦ አምላኬ!

ፍሬሰንበት፦ ምሰሶ በቃል ይያዛል ትርሲት። አውሮፕላን ግን ተተክሎ አይቆይም፤ ይመጣል። ለዚህ ነው ሁሉን የማስቀድመው። ሌላው ገብቶ ሲያበቃ ሰማዩ የእኔ ብቻ ይሆናል፤ የምመታው አይኖርም። ጨዋነት አይደለም። ፍርሃት ነው። እናንተ ጨዋነት አላችሁት፣ ስም አወጣችሁለት፣ ሜዳሊያ አሠራችሁለት። እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ።

ትርሲት፦ ዛሬ ግን የፈሩትን ያህል ጨዋ የሆነች ሰው አገኙ።

ፍሬሰንበት፦ ዛሬ አንቺን አገኘሁ። ካለ ሰው አንቺን። አየር ላይ እጅሽን ይዤ ያስተማርኩሽን ልጅ ከላይ ሆኜ ልደፈጥጥሽ ነበር፤ ሳላውቅ፤ ደግሞ በልስልስ ማረፍ!

ትርሲት፦ ይታከማል እኮ። ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፤ አክስቴ ተሠርታ በማግስቱ ምስር ስትለቅም ነበር።

ፍሬሰንበት፦ መታከሙን ይታከማል። ግን ከተናገርኩ በዚያው ቀን ያወርዱኛል፤ በስልሳ ዓመቴ ማን ፈቃድ ይመልስልኛል? አራት ወር ብቻ ነው የለመንኩት። አራት ወር ተደብቄ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ሰው አጨብጭቦልኝ በእግሬ ልወርድ። አብራሪ ሆኜ ልሸኝ እንጂ ታማሚ ሆኜ አይደለም። ይሄ ብዙ ነው?

ትርሲት፦ አይ... ብዙ አይደለም።

ፍሬሰንበት፦ ልኬለሽ እንኳ አታውቅም። ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ስከትፈው «ሐሳብ ይዞህ ነው» ትለኛለች።

ትርሲት፦ እሺ። ይስጡኝ ፎርሙን።

ፍሬሰንበት፦ ምን ልታደርጊው?

ትርሲት፦ ልቅደደው። ነፋስ ነው እላለሁ።

ፍሬሰንበት፦ ትርሲት?

ትርሲት፦ እኔ ወጣት ነኝ። ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት ያግዱኛል። እናቴ ቤት እገባለሁ። በመጀመሪያ ብቻዬን የበረርኩ ቀን እርስዎ ሜዳው ላይ ሆነው ባርኔጣዎን ወርውረው ሲዘሉ ከላይ አይቼ አለቅስ ነበር። ያንን ሰው በእኔ እጅ አላዋርድም።

ፍሬሰንበት፦ እውነትሽን ነው?

ትርሲት፦ እውነቴን ነው።

ፍሬሰንበት፦ እግዜር ይስጥሽ! አንቺ የተባረክሽ! ነፋስ በይ፤ ከምዕራብ፣ ድንገት፣ ከቀኝ ክንፍ ሥር የገባ። እኔም «አዎ፣ እኔንም ነክቶኛል» እላለሁ። ኦይታንም አናግረዋለሁ፤ ነፋሱን ያየዋል። ከዚያ በየቢሮው ሰው አለኝ፣ ዓመቱ ወደ ስድስት ወር፣ ስድስቱ ወደ ሦስት...

ትርሲት፦ እሺ።

ፍሬሰንበት፦ ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ከልብሽ አይደለም እንዴ?

ትርሲት፦ ከልቤ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ክትባቱ መቋረጥ የለበትም። ነገ በእኔ ቦታ የሚመጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?

ፍሬሰንበት፦ ማን ነው?

ትርሲት፦ ምሕረተአብ። ዛሬ ተቆጣጣሪውን የሚያመጣውም እሱ ነው።

ፍሬሰንበት፦ ምሕረተአብ! የመጨረሻው ተማሪዬ። ጨዋ ልጅ ነው።

ትርሲት፦ ከእኔ የባሰ ጨዋ ነው። ከእርስዎ ጋር በስልክ ሲያወራ ብድግ ብሎ ነው የሚያወራው፤ አይቼዋለሁ። እርስዎን ሊቀድም? ቢሞት አያደርገውም።

ፍሬሰንበት፦ እነግረዋለሁ። «ስጠራህ ዝም ብለህ ግባ» እለዋለሁ።

ትርሲት፦ እሱን ይነግሩታል። የማያውቁት ሌላው ሲመጣስ?

ፍሬሰንበት፦ አራት ወር ነው እኮ...

ትርሲት፦ አዎ፣ አራት ወር ነው። እኔ ዛሬ የተረፍኩት ቀትር ስለነበረ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ቢሆን ጥላዬ ወዲያ ርቆ ነው የሚሄደው፤ አላየውም ነበር። ይሄንን ልክሰስዎ ብዬ አይደለም። አሁን ገና ነው የገባኝ፤ እየፈራሁ ነው።

ፍሬሰንበት፦ እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁለተኛውን ርጭት እጀምራለሁ። መድኃኒቱን ሞልተውልኛል።

ትርሲት፦ አይቻለሁ ሲሞሉ።

ፍሬሰንበት፦ ጥጡ ትል በልቶታል። ዛሬ ካልተረጨ ገበሬው...

ትርሲት፦ ቆይ፣ ቆይ። ሬዲዮው እየጮኸ ነው። ምሕረተአብ ነው።

ፍሬሰንበት፦ ምን ይላል? ድምፁን ከፍ አድርጊው።

ትርሲት፦ ኮረብታውን ተሻግሬያለሁ ይላል። አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ተቆጣጣሪው አብሮት ነው።

ፍሬሰንበት፦ የምርሽን ነው ወይስ እንደ ቅድሙ ነው?

ትርሲት፦ የምሬን ነው። ይስሙት እንጂ!

ፍሬሰንበት፦ ይሰማኛል። ጆሮዬ ደህና ነው። ምን አለ አሁን?

ትርሲት፦ «ቢጫዋ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ ካፒቴን የሚነሱ ከሆነ እየዞርኩ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ይቅደሙ» ይላል።

ፍሬሰንበት፦ አንቺ መልሺለት።

ትርሲት፦ ምን ብዬ? የጠየቀው እርስዎን ነው። ደገመው እኮ፤ «በሞቴ ይቅደሙ» አለ።

ፍሬሰንበት፦ ሬዲዮውን ወዲህ በይ።

ትርሲት፦ ካፒቴን፣ ምን ሊሉት ነው? ይሄንን ፍሪኩዌንሲ እኮ እስከ አርባ ምንጭ ያለው አብራሪ ሁሉ ይሰማዋል።

ፍሬሰንበት፦ ይስማ። «ምሕረተአብ፣ ፍሬሰንበት ነኝ። ማንንም አትጠብቅ፣ ግባ፤ ቢጫዋ አትነሳም። ማሽላው ውስጥ የምታያት አውሮፕላን እዚያ የገባችው ከእኔ ሥር አምልጣ ነው፤ ዓይኔ ከታመመ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ልጅቷን አላየኋትም፣ አንተንም አሁን አላይህም። አጠገብህ ያለው ሰውዬ ብዕር ካለው እንዳልኩት አድርጎ ይጻፈው።»